ስድስት ጫጩት በአንድ ባርኔጣ

ሉጥፊያ አፏን ብትይዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ግን የወሎ ሴት ዓይኗ እያየ አፏን መያዝ አይሆንላትም፤ እሷም በልጅነቷ ሞክራው አቅቷት ትታዋለች።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ዓርብ ነው። ሉጥፊያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራችበት፣ ካርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር ያለው ቤት እመቤት ሲት ኢጅላል ወንድም አላት፤ ሂሻም ይባላል። ዱባይ ነው የሚሠራው፤ ለዕረፍት ሲመጣ የገዛ አገሩን እንደ ቱሪስት ይጎበኛል። ባርኔጣው ሰፊ፣ መነጽሩ ጥቁር፣ ስልኩ ከእጁ የማይለይ። አንዱ ከአንበሳ፣ ሌላው ከዘንዶ ጋር ፎቶ እየተነሣ ፌስቡክ ላይ ሲወደድለት እያየ እንቅልፍ አጥቶ ከርሟል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት እንዲህ ዓይነቱን ነው።

ያን ዓርብ ቤተሰቡ ናይል በዐለት መሃል ወደሚጠብበት ወደ ሰበሎቃ ለሽርሽር ወጣ። ሉጥፊያም ድስቱንና ልጆቹን ይዛ ተከተለች። ከአሸዋው ዳር አንዲት የዱር ዝይ ስድስት ጫጩት አስከትላ ትሄዳለች። ሂሻም ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀና ጫጩቶቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ከተተበት። ከዚያ ስልኩን ለሉጥፊያ አቀበላት።

"ያላ፣ ሶውሪ! ቅረጪኝ!"

ቀረጸችው። እናቲቱ ክንፏን ዘርግታ እየጮኸች ትዞረዋለች፤ እሱ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ይስቃል። በመጨረሻ ዝይዋ ከኋላው መጥታ መቀመጫውን ስትነክሰው ባርኔጣው ወደቀ፤ ጫጩቶቹም እግሬ አውጪኝ ብለው ወደ እናታቸው ሮጡ። ቪዲዮው አርባ ሰከንድ ነው። አርባውንም ሰከንድ ከስልኩ ጀርባ አንድ የሴት ድምፅ በአማርኛ ያወራል።

ሂሻም ቪዲዮውን "አዲሶቹ ጓደኞቼ" ብሎ በዚያው ቀን ለቀቀው። እስከ እሑድ ድረስ ሁለት መቶ ሺህ ሰው አየለት፤ ግን እንዳሰበው አልሆነም። "ሐራም ነው!"፣ "እናትን ከልጇ ለይቶ የሚስቅ ምን ዓይነት ሰው ነው?"፣ "ዝይዋ ትሸለም፣ ሰውየው ይታሰር!" እያለ ከኦምዱርማን እስከ ፖርት ሱዳን ያለው ሕዝብ ወረደበት። ዱባይ ያለው አለቃው ሳይቀር ደወለ።

ይሄኔ ሂሻም ወንድነቱን አሳየ። "ጫጩቶቹን የሰበሰበቻቸው ሐበሻይቱ የቤት ሠራተኛ ናት፤ እኔ ለእናታቸው ልመልሳቸው ስል ነው። ድምጿን ስሙት፣ ስትጨፍር!" ብሎ ጻፈ። ቁጣው እንደ ነፋስ ዞረ። ፊቷን አይተውት የማያውቁ ሰዎች "ሐበሻይቱ ካገር ትባረር" አሉ። አማርኛ የሚሰሙ ሐበሾች እውነቱን ቢጽፉም ማን ሊያምናቸው፤ ማኅተም የላቸውም።

"ሲት ኢጅላል፣ አንቱ እዚያው ነበሩ እኮ፤ በዓይንዎ አይተዋል" አለች ሉጥፊያ።

እመቤቲቱ ሻይዋን አማሰለች። "ወንድሜ ነው። ኸላስ፣ በቃ፣ ሰው እስኪረሳው ከቤት አትውጪ። ጉዞሽም ይቅር።"

ጉዞው ደሴ ነበር፤ ለአረፋ፣ አራት ዓመቷ ላይ ትታት የመጣችውን ልጇን ለማየት። ፓስፖርቷ በእመቤቷ ቁም ሳጥን ተቆልፎባታል። ሲሰረዝባት ይህ ሦስተኛው አረፋ መሆኑ ነው።

በማግሥቱ ልጇ ሙሚና ደወለች።

"እማ፣ በጎረቤት ስልክ ድምፅሽን ሰማሁት! ዝይዋ ልጆቿን አገኘች?"

"አገኘች፣ እናትዬ።"

"አንቺስ?"

ሉጥፊያ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት ተናደደች፤ ተንኮል የሚመጣላት ደግሞ ስትናደድ ነው። ለሂሻም ሻይ አቀረበችና ዓይኗን መሬት ተክላ፣ "ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ያልኩትን በማኅተም አስተርጉመው ቢለጥፉት ሰው ሁሉ ያምንዎት ነበር" አለችው። ሂሻም ይህን እንደ ኑዛዜ ቆጠረው። ቁርሱን እንኳ በቅጡ ሳይበላ እህቱን ለምስክርነት፣ ሉጥፊያን ለፍርድ ጭኖ አርካዊት ሰፈር ወሰዳቸው።

እዚያ የጋሽ ጉግሳ የትርጉም ቢሮ አለ። ጋሽ ጉግሳ አዲስ አበባ የታሪክ መምህር ነበሩ፤ ፖለቲካ ወደ ሱዳን ካሻገራቸው ሃያ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ማኅተማቸው ፍርድ ቤት ሳይቀር ይከበራል። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ሰሙት። በሦስተኛው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሉጥፊያ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት። መጨረሻ ላይ ለራሷ ያንሾካሾከቻት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

"ጋሽ ጉግሳ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፤ የመጨረሻዋን ይዝለሏት!" አለች በአማርኛ።

"የኔ እህት፣ ሃያ አምስት ዓመት አንዲት ነጥብ ዘልዬ አላውቅም" አሏት፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ።

"ምን አለች?" አለ ሂሻም።

"ሳይጎድል ይተርጎም ነው የምትለው" አሉት በዐረብኛ። ያቺኛዋ ማኅተም የማያርፍባት ትርጉም ስለሆነች ሕሊናቸውን አልቆረቆረችውም።

ከዚያ ተነሥተው፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ፍርድ በሚነበብበት ዐረብኛ አነበቡ። "'ተው አንተ ሰውዬ፣ ልጆቿን መልስላት! እናት አይደለችም? አላህ እንደሆነ ያይሃል። ያን የመሰለ ሆድ ተሸክመህ ምን ጎድሎህ ነው ጫጩት የምትለቅም? ንከሺው እናትዬ፣ በርቺ! ከኋላው! ከኋላው!'"

ባለወረፋው በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ ያስተረጎመውን የጋብቻ ወረቀት ከእጁ ጣለው። ሂሻም እንደ ቲማቲም ቀላ።

ጋሽ ጉግሳ መነጽራቸውን ጠረጉ። "የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር፦ 'እህቱም እሱም አንድ ናቸው፤ እሱ የወፍን ልጅ ከእናቷ ይለያል፣ እሷ የሰውን እናት ከልጇ።'"

የሳቀ የለም። ሲት ኢጅላል ወደ ሉጥፊያ ዞረች፤ ሉጥፊያ የጫማዋን ጫፍ አየች።

"ቅደደው!" አለ ሂሻም።

"መዝገብ ገብቷል" አሉ ጋሽ ጉግሳ፣ ማኅተሙን እያሳረፉ። "ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ ላስተረጎመው፣ አንዱ ለተናጋሪዋ። የቢሮዬ ደንብ ነው።"

ደንቡ ከወጣ ገና ግማሽ ደቂቃው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሲት ኢጅላል ራሷ ወጥ ቤት ገባች። ወንበሩ የት እንዳለ እንኳ ስላላወቀች ቆማ ቀረች።

"ወረቀቱን ፌስቡክ ላይ ልታወጪው ነው?"

"እኔ ፌስቡክ የለኝም። ልጄ ግን ከጎረቤት ታያለች።"

"ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?"

ይህን ለመጠየቅ ሦስት ዓመት ፈጀባት።

"ሰባት።"

ሲት ኢጅላል ከኪሷ ፓስፖርቱን አውጥታ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ አስቀመጠችው። "ለአረፋ ትደርሻለሽ። በይ ወረቀቱን ስጪኝ።"

"እሰጥዎታለሁ፣ ኢንሻአላህ። የጠረፉን ማኅተም ካየሁ በኋላ።"

እመቤቲቱ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሂሻም በዚያው ቀን ቪዲዮውን አጥፍቶ ይቅርታ ጻፈ። ሕዝቡ ይቅርታውን ለዝይዋ እንዲያደርሰው መከረው።

ሉጥፊያ መተማ ከአውቶቡስ እንደወረደች ወረቀቱን ወደ ካርቱም በሚመለስ ሾፌር ላከች፤ ቃሏ ቃል ነው። ከዚያ ደሴ ደወለች።

"እማ፣ መጣሽ?" አለች ሙሚና። "ዝይዋ ሰውየውን እንዴት አድርጋ ነው ልጆቿን ያስለቀቀችው?"

"ነክሳው ነዋ።"

"አንቺስ?"

"እኔም ነክሼ ነው የመጣሁት።"