ቀኙ ከአባት፣ ግራው ከልጅ

የሙዚቃ አስተማሪው አባቷ፣ ስትሮክ መትቶት ግራ እጁ አልታዘዝ ካለው ወዲህ፣ የሙዚቃ ኪቦርዱን ጨርቅ አልብሶ ጥግ አስይዞት ነበር። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጁ ይህን ሰማች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወለችለት።

«አባዬ፣ አንተ ቀኝ እጁን ተጫወት፤ ግራውን እኔ እሞላዋለሁ።»

«የኔ ኮምፒውተር ዊንዶውስ፣ ያንቺ ማክ። በምን ይግባባሉ?»

«ኪቦርድና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ ሚዲ፣ የትም አንድ ነው። አንተ ብቻ የኪቦርዱን ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ።»

ሰካ። ምንም የለም።

«ዝም አለ ሚጡ። ከእጄ ተማረ መሰለኝ።»

እሷ ሳቋ መጣ፤ እንባዋም። የሷ ማክ ገመዱ ገና ሲሰካ ነበር ኪቦርዷን ያወቀው።

«የሙዚቃ መቅጃ ፕሮግራሙን ዝጋው። መጀመሪያ ኪቦርዱን አብራ፣ ከዚያ ፕሮግራሙን ክፈት። ሴቲንጉ ውስጥ ሚዲ የሚል አለ? የኪቦርድህ ስም አጠገብ ያለችው ሳጥን ላይ ምልክት አድርግ።»

«አደረግኩ። ስነካው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይላል፤ ድምፅ ግን የለም።»

«ልክ ነህ። ሚዲ ድምፅ አይደለም። የቱን ቁልፍ፣ መቼ፣ ምን ያህል ጠበቅ አድርገህ እንደነካህ ነው የሚይዘው። ድምፁን አንተ ትመርጥለታለህ። ፒያኖ በለው።»

ትንሽ ቆይቶ በስልኩ ውስጥ አንዲት ኖታ ተሰማች።

«አባዬ? ሰማኸው?»

«ሰማሁት፣ ሰማሁት» አለ፣ ያችኑ ኖታ ደግሞ እየነካ።

በቀኝ እጁ ተጫውቶ የቀዳው፣ እናቷ ሥራ አምሽታ በምትገባባቸው ቀናት እሷን ለማስተኛት ራሱ የፈጠረውን ዜማ ነበር። የላከው ፋይል ማኳ ላይ ያለምንም ማንገራገር ተከፈተ። ስክሪኑ ላይ ኖታዎቹ እንደ ትናንሽ ጡቦች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ወደኋላ ቀርተዋል፣ አንዳንዶቹ ቀድመዋል። ልታግዘው ብላ ጊዜውን የሚያስተካክለውን ቁልፍ ተጫነች። ጡቦቹ ቀጥ ብለው ተሰለፉ። ስታዳምጠው ግን የማንም ሰው ዜማ ሆነባት። ከላይኛዋ ኖታ በፊት የነበረችው ፋታ የለችም። አባቷ ድሮ እዚያች ላይ ቆም ይልና ጎንበስ ብሎ ተኝታ እንደሆነ ያያት ነበር።

ቶሎ ብላ ወደነበረበት መለሰችው። ከዚያ በትንሿ ኪቦርዷ፣ እሱ ሲዘገይ እየጠበቀች፣ ሲፈጥን እየተከተለች፣ ግራውን ሞልታ ላከችለት።

ከሰዓት በኋላ ደወለ።

«መሀል ላይ ቸኩለሻል።»

«አሁንም ልታርመኝ ነው?»

«እስክሞት!» ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሚጡ፣ ከግራው የመጨረሻዋን ኖታ ለኔ ተይልኝ። በዚህችው በሰነፏ እጄ ልሞክራት።»

ማኳን ከፈተች። የመጨረሻዋን ኖታ አጠፋችና ፋይሉን መልሳ ላከችለት።