ጉዳዩ፦ ዘነበወርቅ

ዘነበወርቅ አምቦ ውስጥ ባለ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ አናቶሚ ታስተምራለች። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የአንድ ክፍል የፈተና ወረቀቶች ጠፉ ተባለ። ሬጅስትራሩ ሞቱማ ጭንቅ ይዞት ለመላው ሠራተኛ በኢሜይል ግሩፑ መልእክት ላከ። ርዕሱ ላይ «በመምህርት ዘነበወርቅ እጅ የጠፉ የፈተና ወረቀቶች» ብሎ ጻፈ። ወረቀቶቹ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከራሱ ከሞቱማ መሳቢያ ተገኙ። እሱም ወዲያው «ተገኝተዋል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ እዚያው ላይ መለሰ። ርዕሱን ግን አልነካውም።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሏት ነበር። ግን በዚያ ግሩፕ አዲስ መልእክት የሚከፍት ሰው የለም። የሚናገረው ያለው ሁሉ መጨረሻ የደረሰውን መልእክት ይከፍትና ሪፕላይ ይላል። የውሃው መቋረጥ በእሷ ርዕስ ሥር ተነገረ። ለባልደረባቸው ለባየሽ ሠርግ ሁሉም በዚሁ ርዕስ ሥር ተጠሩ። የኤቢሴ ወንድም ሲሞት፣ ወደ ጊንጪ ለቅሶ የሚሄደው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ የተነገረው እዚያው ነው። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ዘነበወርቅ ቀድማ የምታየው የራሷን ስም ሆነ።

በዓመቱ ሰሎሜ የምትባል አዲስ መምህርት ተቀጠረች። ሻይ ክበብ ሲተዋወቁ እጇን ሳትለቅ፣ «የወረቀቶቹ ዘነበወርቅ አንቺ ነሽ?» አለቻት። ክፋት አልነበረባትም። ዘነበወርቅ ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳቻት። ድምፅዋ እየጠነከረ መሄዱን ራሷም ሰማችው፤ ሰሎሜም እንደሚያባብል ሰው አንገቷን ትነቀንቅ ጀመረች። ባስረዳች ቁጥር ጥፋተኛ እየመሰለች ሄደች።

ሞቱማ ዘንድ ስትሄድ፣ አንዴ በየሰው ኢሜይል የገባውን እሱ ሊያጠፋው እንደማይችል ዓይኗን ሳያይ ነገራት። ከዚያ ዲኑ ዘንድ ገባች። ኦቦ ዋቅጋሪ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አጎንብሰው አዳመጧት።

«ዘነቡ፣ ርዕስ ማን ያነባል ብለሽ ነው?»

«እኔ አነበዋለሁ፣ ኦቦ ዋቅጋሪ።»

መመሪያ እንደሚያወጡ ቃል ገቡላት።

መመሪያው በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። ርዕስ የመልእክቱን ፍሬ ነገር በአጭሩ ይናገር፤ ለአዲስ ጉዳይ አዲስ መልእክት ይከፈት፤ የሰው ስም ርዕስ ላይ አይውጣ ይላል። የላኩት ግን በዚያው በቆየው መልእክት ላይ ሪፕላይ ብለው ነበር። አሥራ አራት ሰው «እናመሰግናለን» ሲል መለሰ። ዘነበወርቅ ስለ ትከሻ አጥንት እያስተማረች ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ሰማች፤ አላነሳችውም።

ማታውኑ ማስተባበያ ልትጽፍ ተነሳች። «ዘነበወርቅ ምንም ወረቀት አልጠፋባትም» የሚል ርዕስ ጻፈችና አጠፋችው፤ እሱም በተራው ዓመት ይከርማል። በምትኩ አዲስ መልእክት ከፍታ «የሐሙስ ፈተና ጥበቃ፦ ስማችሁን አረጋግጡ» አለች። ሁሉም መመለስ ስላለበት መለሰ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉም ስለ ምኑም ስለ ምኑም በፈተና ጥበቃ ሥር ተጻጻፉ። እንቅልፍ ተመለሰላት።

በአራተኛው ሳምንት የቤተ ሙከራ ሠራተኛው ተሬፋ ጃንጥላውን ያየ ሰው እንዳለ ጠየቀ። ከየት ቆፍሮ እንዳወጣው እንጃ፣ የጠየቀው በአሮጌው ርዕስ ነበር። ዘነበወርቅ ጃንጥላውን አይታዋለች፤ ከአዳራሹ በር ጀርባ ተንጠልጥሏል። ለመመለስ ጣቷን አነሳች። ከዚያ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በዝናብ ግቢውን አቋርጣ ቤተ ሙከራ ድረስ ሄዳ ነገረችው።

«እንዲህ በስብሰሽ ከምትመጪ እዚያው ብትጽፊልኝ ምን ነበረበት?» አላት ተሬፋ፣ ከልቡ አዝኖላት።

ቢሮዋ ሳትደርስ ስልኳ ጮኸ። ተሬፋ ጃንጥላው መገኘቱን ለሁሉም አስታውቆ፣ ያገኘችለትን መምህርት በስሟ ጠርቶ አመስግኗል። ርዕሱ ያው ነው። ከሥሩ ሁለት ሰው ቀድሞ «እንኳን ተገኘ» ብሏል። ዘነበወርቅ ጣሪያው ጥግ ተጠልላ፣ ሌሎቹም መልሰው ስልኳ ጩኸቱን እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀች።