ከሦስተኛው ጋቢ ስር

ወንድሜ ጠሃ ጋቢ መሸጥ ያውቅበት ነበር። ለገዢ ሲዘረጋ እጁ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ክሩ የሳሳበት ወይም የተበጠሰበት ቦታ ካለ ከእጁ ስር እጥፋቱ ውስጥ ይቀራል። አይዋሽም፤ ከጠየቁት ይናገራል። ግን ማንም አይጠይቀውም ነበር፤ ወሬው ጣፋጭ ነው።

ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በሳምንት ሦስቴ እጥበት ይሄድ ነበር። የእኔን አንዱን ልሰጠው ተስማምተናል። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፤ ምርመራዬን ጨርሼ ይገጥማል ተብያለሁ። የቀረው የእሱ ነው። ሐኪሞቹ ከመወሰናቸው በፊት የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ታነጋግረዋለች ተባለ፤ እጥበቱ ስለሚያደክመው በስልክ፣ በቪዲዮ። አዲስ ኩላሊት የገባለት ሰው ዕድሜ ልኩን ሳያዛንፍ የሚውጠው መድኃኒት አለ። ጠሃ ይህን ይችል እንደሆነ የምትመሰክረው እሷ ናት። እሷ እንቢ ካለች ነገሩ ይቆማል።

በቀጠሮው ጠዋት መቀመጥ አቃተኝ። ሸማ ተራ ያለው ሱቃችን ኔትወርክ የሚይዘው በሩ ላይ ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ተሸካሚ በላይ በላዩ ያልፋል። ስልኩን ይዤ እገባለሁ፣ እወጣለሁ።

«ራህማ፣ ተቀመጪ! አዞርሽኝ እኮ» አለ ጠሃ።

«ቻርጁ ቢያልቅስ?»

«ገና ሳትደውል?»

ጎረቤታችን ጋሽ ሀብተ ወልድ፣ ክር ነጋዴው፣ ሱቃቸውን ለሠራተኛ ትተው ዱካ ወንበራቸውን ተሸክመው መጡ።

«እርስዎ ደግሞ ምን ሊያደርጉ?» አልኳቸው።

«ዋስ ልሆነው ነዋ! እዚህ ተራ ሰው ሲመረመር ብቻውን ቆሞ ያውቃል?»

ስልኩ ጠራ። ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ሴት ታየች።

«ደህና አደራችሁ? ኤልሳቤት እባላለሁ።»

«ደህና ዶክተር!» አሉ ጋሽ ሀብተ ወልድ ከሁላችንም ቀድመው።

«ዶክተር አይደለሁም አባቴ፣ ፋርማሲስት ነኝ።»

«ነጭ እስከለበስሽ ድረስ እኛ ጋ ዶክተር ነሽ። ልጁ መድኃኒቱን እንደ ሶላቱ ነው የሚያከብረው። እኔ ክርስቲያኑ ልመስክርለት!»

ሳቀች። ጠሃም ሳቀ፣ ወሬውንም ጀመረ። የግፊቱን ኪኒን ከነስሙ ነገራት፤ ስንት ሰዓት እንደሚውጥ፣ ምን እንደማይበላ። ገዢ ፊት እንደቆመ ሁሉ ፊቱ በራ። እኔ ስልኩን ይዤለታለሁ።

«ሌላ የሚወስዱት የለም? ከሐኪም ውጭ፣ የባህል መድኃኒት?»

«ምንም።»

«ጥሩ። አሁን አይንገሩኝ፤ ያድርጉት። ዛሬ ጠዋት ሱቁን ከከፈቱ በኋላ ያደረጉትን እንዳለ ይድገሙልኝ። ራህማ፣ አንቺ በስልኩ ተከተይው።»

ጠሃ ተነሣ። ውሃውን ከመደርደሪያው አወረደ። ኪኒኑን ከኪሱ አወጣ፣ የሚውጥ መሰለ፣ ከብርጭቆው ተጎነጨ። ከዚያ እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ጋቢው ክምር ሄደና ሦስተኛው ስር ገባ። ወዲያው መለሰው፤ ክምሩን እንዳስተካከለ ሁሉ መታ መታ አደረገው።

«እዚያ ስር ምን አለ?» አለች ኤልሳቤት።

«ጋቢ» አለ ጠሃ።

«ከጋቢው ስርስ?»

«ሌላ ጋቢ!» አሉ ጋሽ ሀብተ ወልድ።

«ጋሼ፣ ዋስነቱ ለዛሬ ይቅርብኝ» አለች፤ ድምፅዋ ግን አልከረረም። «ራህማ፣ አንሺና አሳዪኝ።»

ጠሃ አየኝ። ምን እንዳለ አውቃለሁ። እናታችን ከኮምቦልቻ በአውቶቡስ ተሳፋሪ የምትልክለት የሥር ዱቄት ነው፣ በፌስታል የተቋጠረ። ባነሣው የቀዶ ጥገናው ቀን ይገፋል፣ ወይም ጨርሶ ይቀራል። ካላነሣሁት ደግሞ ኩላሊቴ ምን እንደሚገጥመው አላውቅም። ጋቢውን ገለጥኩት።

«ሸጥሽኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ኤልሳቤት ዱቄቱን አስጠግቼ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ከዚያ ለእሱ፣ «አቶ ጠሃ፣ ከእናትዎ ላጣላዎት አይደለም» አለችው። «ግን ይህ የአዲሱን ኩላሊት መድኃኒት ሊያበላሽ ይችላል። ከዱቄቱ በላይ የሚያስፈራኝ መደበቅዎ ነው። የሚውጡትን ሁሉ ሳላውቅ እህትዎን አላስቀድድም። ይተዉትና በሚቀጥለው ወር እንነጋገር።»

ስልኩ ሲዘጋ ጋሽ ሀብተ ወልድ ዱካቸውን አንሥተው ወጡ።

ወሩ አልገፋ አለ። ጠሃ ለቀናት አኮረፈኝ። እጥበት ይዤው ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮት ያዞር ነበር። አንድ ቀን ግን እኔ ፊት ለእናታችን ደወለ።

«እማ፣ ከእንግዲህ አትላኪልኝ። ያንቺ ዱዓ ይበቃኛል።»

«እሽ ልጄ፣ ካልክ» አለች እማ።

ሁለተኛው ጥሪ ሲመጣ ጠሃ ባንኮኒው ላይ ጋቢ ዘርግቶ ጠበቃት። ኪኒኖቹን፣ የቀረውን ዱቄት፣ የጉሮሮ ከረሜላውን ሳይቀር ደርድሯል።

«ከረሜላውንም?» አለች ኤልሳቤት።

«ኋላ ከረሜላ ደበቀ እንዳትይኝ!»

ብዙ ጠየቀችው፣ ሁሉንም መለሰ። «እኔ ጨርሻለሁ» አለች። «ለሐኪሞቹ ይችላል ብዬ አቀርብዎታለሁ። ቀኑን እነሱ ይነግሯችኋል።»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አንዲት ሴት ልጇን ልትድር ጋቢ ፈልጋ መጣች። ጠሃ ዘረጋላት፤ እጁን ግን አነሣው።

«እዚህ ጋ ክሩ ተበጥሷል እትዬ፣ ይዩት።»

አየችው፣ አመሰገነችው፣ ሄደች። ጋሽ ሀብተ ወልድ ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው ጮኹ።

«ይቺ ፋርማሲስት ገበያህን ዘጋችው!»

ጠሃ እስኪያስለው ሳቀ።

ጠሃ የቀዶ ጥገናው ቀን ሳይቆረጥልን ሞተ። ልቡ ነው አሉን። ኤልሳቤት ደውላ ነበር፤ ለቅሶው ላይ ስልኩን ማንሣት ስላቃተኝ ጋሽ ሀብተ ወልድ አነሡት። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር።

አሁን ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ የቀጠሮ ጠዋት እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ያ ጋቢ አልተሸጠም። ገዢ ሲመጣ የተበጠሰውን አሳያለሁ፤ ሲሄድ መልሼ አጥፈዋለሁ። ከዚያ ሳላስበው እጄ ወደ ጎኔ ይሄዳል። ሁለቱም ኩላሊቶቼ እዚያው ናቸው።