የራሕማ ድስት

ሃምሳ አለቃ ንጉሡ ትናንት የበሉትን ይረሳሉ፤ ኮሪያን ግን አይረሱም። የዚያን አገር ብርድ ሲያወሩ ሰሚው ሳይወድ በግዱ ጋቢውን ይጎትታል። መካነ ሰላም ውስጥ ወሬያቸውን በቃሉ የማያውቅ ጎረቤት የለም፤ ቢሆንም ሁሌም እንደ አዲስ ይሰማቸዋል።

ታዲያ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ኮሪያዊት ነርስ ልትጠይቃቸው መጣች። ስሟ ሱንሂ ነው። የድሮ ዘማቾችን በየቤታቸው እየዞረች የምታክም፣ አማርኛውንም የምትሞክር ልጅ ናት። ሽማግሌው ሜዳሊያቸውን ደርድረው ሲቁነጠነጡ አረፈዱ።

ግፊታቸውን ለክታ ስትጨርስ ምሳ ቀረበ። ታናሽ እህታቸው ራሕማም ከከላላ መጥታለች። ራሕማ ወንድሟ ኮሪያ ሳሉ እስላም አግብታ የሰለመች ናት። ስለዚህ እሷ በመጣች ቁጥር በዚያ ቤት ሁለት ዶሮ ይታረዳል፤ አንዱ በሥላሴ ስም፣ አንዱ በቢስሚላህ። ድስቱም ሁለት ነው፤ ገበታው ግን አንድ።

«ለምን ሁለት ድስት?» አለች ሱንሂ።

«እሷ የኔን ሥጋ አትበላም፣ እኔም የሷን። የአንድ እናት ልጆች ግን ነን» አሏትና የጠላ ጣሳቸውን አነሡ። «የደቡብ ልጅ፣ እንኳን ደህና መጣሽ! ከሰሜን ጠላት ያዳንናችሁ እኮ እኛ ነን!»

ልጅቱ ያነሳችውን ጉርሻ መለሰችው።

«አባባ፣ እኔ የተወለድኩት ሰሜን ነው። ወንዝ ተሻግሬ፣ ብዙ አገር ዞሬ ደቡብ ገባሁ። እህቴ እዚያ ቀረች። ደቡብ ሰዎች ንግግሬን ሲሰሙ ‹ከዚያኛው ናት› ይላሉ። የእርስዎን ምግብ ግን ዋሽቼ መብላት አልፈልግም።»

የሽማግሌው ጣሳ አየር ላይ ቀረ። የጦር ሜዳ ወንድማቸው አወቀ ማሻው ጭናቸው ላይ የሞተው በሰሜን ጥይት ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሰሜን ሲባል የሚታያቸው ያ ደም ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሱንሂም የሐኪም ዕቃዋን ቀስ ብላ ትሰበስብ ጀመር።

«ጋሼ» አለች ራሕማ። «እኔ የሰለምኩ ጊዜ አባታችን ምን አሉ?»

«ደጄን እንዳትረግጥ አሉ» አሉ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ።

«ከኮሪያ ሲመለሱ እርስዎስ ምን ይዘው ገቡ?»

ያን ቀን መቼም አልረሱትም። ከደሴ ገበያ ድስት ገዝተው፣ መርጌታ አባታቸው ፊት አስቀምጠው፣ «ይሄ የራሕማ ነው። በሃይማኖቷ ትብላ፣ ወደ ቤቷ ትግባ» ብለው ነበር። መርጌታ ወራት ሙሉ አኮረፉ፤ ድስቱ ግን ከምድጃው ጥግ ንቅንቅ አላለም። ራሕማም በዚያ ድስት ሰበብ ወደ ቤቷ ገባች።

ሃምሳ አለቃ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ። ያን ጥይት አንቺ አልተኮስሽውም። እኔ ሽማግሌው ግን አሁን ልተኩስብሽ ነበር።» ቀጥለውም «የእህትሽ ስም ማነው?» አሏት።

ሱንሂ ደነገጠች። ደቡብ ከገባች ወዲህ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ሶንጁ» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ።

«አብሽሪ፣ አብሽሪ» አለቻት ራሕማ ትከሻዋን እያሻሸች።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘረጉ። «ሶንጁን በሰላም ያቆይልሽ። መንገዱን ይክፈትላችሁ፤ ለአንድ ገበታ ያብቃችሁ።»

ራሕማ «አሚን» አለች፣ እሳቸው «አሜን»። ሱንሂ የትኛውን እንደምትል ግራ ቢገባት ሁለቱንም አለች፤ ሦስቱም ሳቁ። ከዚያ ራሕማ የድስቱን ታሪክ ለሱንሂ እያወራቻት ምሳቸውን በሉ።

ልጅቱ ልትሄድ ስትነሳ ራሕማ ያን ከደሴ የመጣ፣ ቂጡ የጠቆረ ድስት አጥባ፣ በሻሿ ቋጥራ ሰጠቻት።

«ይሄማ የእርስዎ ነው!» አለች ሱንሂ። «እኔ ከወሰድኩት ወደዚህ ቤት በምን ይገባሉ?»

«እኔማ ገብቻለሁ፣ ልጄ» አለች ራሕማ። «ያቺ እህትሽ እስክትገባ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ።»