ሁለት መድረክ ወይስ አንድ?

አንገታችሁ ለምን የተሠራ ይመስላችኋል? ጭንቅላት ለመሸከም የምትሉ ከሆነ የቦርፑኩሪ ሰው አይደላችሁም ማለት ነው። በቦርፑኩሪ አንገት የተሠራው ከቀኙ መድረክ ወደ ግራው መድረክ ለመዞር ነው።

የኩሂፓት ቴአትር ሩዙ ታጭዶ ሲገባ፣ ድንኳኑን፣ ተዋናዮቹንና ወጥ ሠሪዎቹን በጭነት መኪና አስጭኖ በየዓመቱ ይመጣል፤ ሦስት ቀን ተጫውቶ ወደሚቀጥለው ከተማ ያልፋል። በድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት መድረክ ይተከላል። በቀኙ ላይ እናት ልጇን ረግማ ስትጨርስ መብራቱ ድርግም ይላል፤ በዚያችው ቅጽበት ግራው ይበራና ልጁ ባቡር ሲሳፈር ይታያል። መጋረጃ መጠበቅ የለም። አልጋና ወንበር ተሸክሞ የሚራወጥ ሰው ማየት የለም። ሁለት ሺህ አንገት ይዞራል፤ ጨዋታው ይቀጥላል።

ይህን ነው ኒዮሪ ፓቶዋሪ የሰረዘችው። አባቷ ባለፈው ዓመት ሲያርፍ ድርጅቱን የተረከበች የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ዘንድሮ በየግድግዳው ያስለጠፈችው ማስታወቂያ ወሬ አያበዛም፤ አንድ መድረክ ብቻ፣ ከበስተኋላው ደግሞ የሦስት ፎቅ ቤት የሚያህል የኤሌክትሪክ ስክሪን።

ኩንጆላታ ሀሎይ ማስታወቂያውን በቱኑ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ፣ መነጽሯን አውልቃ አንድ ጊዜ፣ አድርጋ አንድ ጊዜ አነበበችው። በሴቶችና በወንዶች ትምህርት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረች ጡረተኛ ናት፤ በሻይ ቤቱ ውስጥ ከሚጮኹት ግማሹ የብራህማፑትራ ወንዝ ከየት እንደሚነሳ የተማረው ከሷ ነው። ሁሉም ባይዴው ይሏታል፤ ታላቅ እህት፣ መምህርትም ማለት ነው።

«ባይዴው፣ ዘመኑ ተቀይሯል እኮ» አለ ካገን ደካ። ካገን ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት ነው። በትምህርት ቤት ሳለ የኋላ ወንበር ነበር የሚቀመጠው።

«አንተ ደግሞ አፍ አለህ! በቴአትሩ ሰሞን የአንገት ቅባት ሸጠህ አይደል ሞተር ብስክሌቱን የገዛኸው?»

«እንግዲህ ለእውነት ስል ከገዛ ጥቅሜ ጋር ስጣላ አያደንቁኝም?»

ሻይ ቤቱ ሳቀ። ቱኑ ግን አልሳቀም። ማንቆርቆሪያውን እንዳንጠለጠለ ቆመ።

«የኛ ቤተሰብ ከአያቴ ጀምሮ ግራ ነው የሚቀመጠው» አለ። «ሞት ሁሉ በግራ ነው። አባቴ እዚያ ተቀምጦ ሰባት ንጉሥ ሲሞት አይቷል።»

«ሠርጉ ግን በቀኝ ነው!» አለ አንዱ ከጥግ።

«እሱንማ ውሰዱት። ሠርጉንና ሞቱን አንድ ቦታ አድርጉልኝ ያለ ማን ነው? ነውር አይደለም?»

ካገን ወንበሩን ሳበ። «ስሙኝ፤ ልጆቼ ስልካቸው ላይ ተራራ ሲናድ ያያሉ። በካርቶን የተሠራች ጀልባ በገመድ ስትጎተት ብታሳያቸው ይስቁብሃል። አምና የኋላው ረድፍ ባዶ ነበር፤ እዚያ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ብቻዬን! ቴአትሩን የሚገድለው ስክሪን አይደለም፤ ባዶ ወንበር ነው።»

ይህ ክርክር ጥሩ ክርክር ነበር። ኩንጆላታንም ያናደዳት ጥሩ መሆኑ ነው፤ መጥፎ ክርክር ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል ትጥለው ነበር። ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፍ ሻዩ ፈሰሰ።

«የጋባዥ ኮሚቴው ሊቀመንበር ማን ነው?» አለች።

«እርስዎ ነዎት፣ ባይዴው።»

«እንግዲያው ይሰማ! ሁለተኛው መድረክ ካልተተከለ የግብዣውን ደብዳቤ በሕዝቡ ፊት እቀደዋለሁ!»

ደብዳቤው ቀልድ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን፣ ዕረፍት ላይ፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር መድረክ ላይ ወጥቶ የሚቀጥለውን ዓመት ግብዣ በጋሞሳ ጠቅልሎ፣ ለክብር እንግዳ ከሚቀርበው፣ ከሚታኘከው የታሙል ፍሬ ጋር በነሐስ ሰሃን ያቀርባል። ያ ጥለታም ፎጣ ካልተሰጠ ድርጅቱ የከተማውን ተራ ለሌላ ከተማ ይሰጣል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰጥ ቀርቶ አያውቅም።

«ከተቀደደ ግን፣ ባይዴው» አለ ቱኑ ቀስ ብሎ፣ «በሚመጣው ዓመት ምን እናያለን?»

ኩንጆላታ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ራሷን ስትሰድብ ሄደች። ሌላው ሰው በዓል የሚጠብቀውን ያህል እሷ እነዚያን ሦስት ቀኖች ትጠብቃለች፤ ደብዳቤውን ከምትቀድ የሐር ልብሷን ብትቀድ ትመርጣለች። ነገር ግን በቱኑ ሻይ ቤት የተነገረ ቃል ከምሽት በፊት ገበያውን ያዳርሳል፤ አዳረሰም። በማግስቱ አትክልት ሻጯ ሳትቀር «ባይዴው፣ በእጅዎ ነው በመቀስ የሚቀዱት?» ብላ ጠየቀቻት።

ቀኑ ደረሰ። ጀምበር ስትጠልቅ ድንኳኑ እስከ መጨረሻው ረድፍ ሞላ። ግማሹ ስክሪኑን ሊያይ፣ ግማሹ ደብዳቤው ሲቀደድ ሊያይ ነው የመጣው። ኩንጆላታ በፊተኛው ረድፍ መሃል፣ ከካገን አጠገብ ተቀመጠች። ሰሃኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እጆቿን አጣምራ፣ ዓይኖቿን መድረኩ ላይ ተከለች። አንዲት ስህተት እንዳታመልጣት ወስናለች።

ጨዋታው ወንዝ እየበላው ካለ ደሴት ላይ አልወጣም ስላለች የጀልባ ቀዛፊ ሚስት ነው። በመጀመሪያው ትዕይንት ባሏ ሞተ፤ ሴትየዋ አለቀሰች፤ ኩራዟን እፍ ብላ አጠፋች። ድንኳኑ ጨለመ።

ሁለት ሺህ አንገትም ወደ ግራ ዞረ።

ማንም አላዘዘም። አንድ መድረክ ብቻ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ሲጣላበት ነው የከረመው። አንገት ግን ማስታወቂያ አያነብም። በግራ በኩል አንድ የብረት ምሰሶ፣ አንድ የእሳት ማጥፊያ ባልዲ፣ ከባልዲው አጠገብ ደግሞ ዘና ብሎ ሙዝ የሚበላ ድንኳን ተካይ ነበር። ሰውየው ያን ሁሉ ዓይን ሲያይ ደነገጠ። ሙዙን በኪሱ ከተተና ተነሥቶ፣ መዳፎቹን ገጥሞ እጅ ነሣ። ሕዝቡ አጨበጨበለት።

ያን ጊዜ ወንዙ መጣ።

ኩንጆላታ ብቻ አየችው። አንገቷን ያላዞረችው ከቂም ብዛት ነው። ከስክሪኑ ጨለማ ውስጥ ቡናማው ውኃ በሙሉ ስፋቱ ተንከባሎ ወጣ፤ የተነቀለ የሙዝ ዛፍ፣ የጎጆ ክዳን፣ አንዲት ዶሮ የቆመችበት ሳንቃ ይዞ። ሠላሳ አራት ዓመት በሰማያዊ ጠመኔ ስትሥለው የኖረችው ወንዝ ነው፤ ግን ጠመኔው ይህን ቀለም አያውቅም፣ ድምፅም አልነበረውም። ሴትየዋ፣ እውነተኛዋ ተዋናይ፣ በውኃው መሃል ቆማ አልተነቃነቀችም። ውኃው ጉልበቷ ድረስ ወጣ፤ ወገቧ ድረስ ወጣ፤ ከዚያ ሸሸ።

«ኧረ!» አለች ኩንጆላታ፤ ከአፏ አመለጣት።

ካገን ፊቱን ሲመልስ ስክሪኑ ላይ የቀረው ኮከብ ብቻ ነበር። «ምን ሆነ? ምን አለፈን?»

«ዝም በል!»

«ባይዴው፣ እባክዎ፣ ምን አዩ?»

«አንተ ምን አየህ? ሙዝ የሚበላ ሰው። ለእሱ ነው ስትከራከር የከረምከው!»

በሁለተኛው ጨለማም አንገቱ ዞረ። ሰውየው አሁንም እዚያው ነበር፤ ሳቁ ድንኳኑን ሊጥለው ደረሰ። በሦስተኛው ግማሹ ራሱን ያዘ፤ ግማሹ ዞረ፤ የያዙት የዞሩትን በክርናቸው ጎሸሟቸው። ዕረፍት ሲሆን ጩኸቱ ለጉድ ነበር።

«አላልኳችሁም? አንገት አይዋሽም!» ይላል ቱኑ ወንበር ላይ ቆሞ።

«ልማድ ነው! በሦስት ቀን ይለቃችኋል!» ይላል ካገን፣ አንገቱን እያሸ።

ኩንጆላታ ሰሃኑን ይዛ መድረኩ ላይ ወጣች። ኒዮሪ እዚያ ቆማ ነበር፤ ሻሿን አሥር ጊዜ ታስተካክላለች። ወሬውን ሰምታለች። ከታች ግማሹ «ይቀደድ!» ይላል፤ ግማሹ «ባይዴው፣ ተዉ!» ይላል። ኩንጆላታ ድምፅ ማጉያውን ከእጇ ተቀበለች። ውሸት ቢቀላት ኖሮ በዚያ ሰዓት በዋሸች ነበር፤ ማንም አላየማ!

«እዚህ ድንኳን ውስጥ ወንዙን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለች። «ያየሁትም ስህተት ፍለጋ ነው። ስህተት አላገኘሁም። አምሮ ነበር። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።»

«ተሸነፉ!» ብሎ ጮኸ ካገን።

«ቁጭ በል፣ ደካ! አልጨረስኩም!» ካገን ተቀመጠ፤ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። «ውበቱን ያየው ግን አንድ ሰው ነው፤ የቀሩት ሙዝ በላተኛ አይተው ይሄዳሉ። ለማን ነው እንግዲህ የተሠራው?» ወደ ኒዮሪ ዞረች። «የግራው መድረክ እንጨት የት ነው ያለው?»

«መጋዘን ውስጥ ነው፣ ባይዴው።»

«አንዱ እንዲገባ ሌላው መውጣት አለበት ያለሽ ማን ነው? ወንዙ በስክሪንሽ በቀኝ ይምጣ፤ የሴትየዋ ጎጆ በእንጨት ተሠርቶ በግራ ይቁም። የሚከለክል ሕግ አለ?»

«ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ሰው የለም» አለች ኒዮሪ።

«አባትሽ ሁለት መድረክ ጎን ለጎን ሲተክልስ ቦርፑኩሪ ውስጥ ማን አይቶ ያውቅ ነበር? የመጀመሪያ ቀን እዚህ ነበርኩ። ሰው ስቆበታል። እኔም ስቄበታለሁ!»

ከታች ጩኸቱ በረደ። ኒዮሪ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «ባይዴው፣ ከመጋረጃው ጀርባ ገብተን እንነጋገርበት» አለቻት።

«አይሆንም!» ኩንጆላታ ይህን ያለችው በድምፅ ማጉያው ነው። «እዚህ ያደረሰን ከመጋረጃ ጀርባ የተቆረጠ ነገር ነው። ደብዳቤው ይኸውና፤ አልቀደድኩትም፤ አልሰጠሁሽምም። ማጉያውን ያዢ። በሚመጣው ዓመት ሁለቱንም ይዘሽ ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም? ለኔ አይደለም የምትመልሺው፤ አንገታቸው ለሚያማቸው ለእነዚህ ነው። አሁኑኑ፣ ጮክ ብለሽ፣ የኋላው ረድፍ እንዲሰማ መልሺ!»