ሦስት ሺህ የብርብራ ችግኝ

በሰኔ መጀመሪያ ከሚዛን ግብርና ቢሮ የመጣ መኪና ለቡና ጥላ የሚሆን ሦስት ሺህ የብርብራ ዛፍ ችግኝ ሸኮ አጠገብ ካለው የቡና ገበሬዎች ማኅበር መጋዘን በር ላይ አራግፎ ሄደ። የማኅበሩ ጸሐፊ ወለላ ተረከበች። በሳምንቱ የቡና ባለሙያው እንድርያስ መጥቶ አባላቱን ሰበሰበ።

«ሙቀቱ እየጨመረ፣ ዝናቡም ወቅቱን እየሳተ ነው» አለ። «የአየር ንብረትን የሚያጠኑ ሰዎች ሁሉም ማለት ይቻላል በዚህ ይስማማሉ። ቡናችሁ ጥላ ያስፈልገዋል። በዚህ ክረምት ትከሉ።»

ጌታሁን ተነሣ። የወለላ ባል ታላቅ ወንድም ነው፤ ሰፊ ቡና ያለው፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው። ስልኩን ከፍቶ አንድ ዶክተር የሚናገረውን ለሁሉም አሰማ። ሙቀት ድሮም መጥቶ ይሄዳል፣ የአየር ለውጥ የሚባለው ጨርሶ ውሸት ነው ይላል ሰውየው፤ አንዴም ሳይጠራጠር።

«አንተስ እርግጠኛ ነህ?» ሲል ጌታሁን እንድርያስን ጠየቀው።

«መሞቁን አዎ። እዚህ ሸኮ ዝናቡ በየትኛው ዓመት ምን ያህል እንደሚቀንስ ግን መቶ በመቶ ማለት አልችልም።»

ጌታሁን ወደ ሰዉ ዞረ።

«ሰማችሁ? ያኛው ያውቃል፣ ይሄኛው አላውቅም ይላል! ጥላውን ቁረጡ፣ ቡና ፀሐይ ይፈልጋል ያሉንስ እነዚሁ ባለሙያዎች አልነበሩም?»

እውነቱን ነው። ያኔ ወለላና ባሏም የጓሯቸውን ዛፍ ቆርጠዋል። እንድርያስ፣ «ተሳስተን ነበር፤ ስህተቱን ያገኘነውም እኛው ለክተን ነው» አለ። ሰው የሰማው የፊተኛውን ቃል ብቻ ነው።

ሚዛን የምትማረው የወለላ ልጅ ሜሮን ዶክተሩ ማን እንደሆነ ፈልጋ ነገረቻት። ወለላ ወዲያው ጌታሁን ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ ሰውየው የተማረው የመንገድ ሥራ ነው።»

«ዶክተር ዶክተር ነው። ደግሞስ ሺህ ሰው ተሳስቶ አንዱ እውነት ቢናገርስ? እኛ በምን እናውቃለን?»

«አናውቅም፤ ለዚህ እኮ ነው የሚያውቁትን የምንጠይቀው!»

«የትኞቹን?»

ብትመልስለትም አይሰማም። ተነሥታ ወጣች።

ስብሰባ በስብሰባ ላይ ተጠራ። ሐምሌ አለቀ፣ ነሐሴ ተጋመሰ። የችግኙ ሥር ፕላስቲኩን ቀድዶ ወጣ፣ የተወሰነውንም ፍየል በላው። ወለላና ሜሮን መቶ ሃምሳውን በራሳቸው ማሳ ተከሉ። በመጨረሻ ማኅበሩ እጅ አውጥቶ «ለከርሞ ይቆየን» ሲል ወሰነ። የቀረው ችግኝ መጋዘኑ በር ላይ ደረቀ።

በየካቲት አንዲት ካፊያ ወርዳ ቡናው አበበ። ከዚያ ዝናብ ጠፋ። አበባው እንደ ተቃጠለ ወረቀት ጠቁሮ ረገፈ፤ የጌታሁንም፣ የወለላም። የተከለችው ችግኝ ገና ከጉልበቷ አልደረሰም ነበር።

«አንድ ክፉ ዓመት ነው» አለ ጌታሁን።

ወለላ እንድርያስ ጋ ደወለች። «ይምጡና ይሄ የሙቀቱ ውጤት ነው ይበሉልኝ።»

«ወይዘሮ ወለላ፣ አንድ ዓመት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የሠላሳ ዓመቱን የዝናብና የሙቀት መዝገብ ይዤ ብመጣ ይሻላል።»

«መዝገቡን ማን ያነብልዎታል?» ብላ ጮኸችበት። ሐቀኛ መሆኑ ነው ያናደዳት፤ በዚያም አፈረች። ጌታሁንና እሱ ሁለቱም «አንድ ዓመት ነው» ማለታቸው ግን አንጀቷን አሳረራት።

እንድርያስ መዝገቡን ይዞ መጣ። ከስልሳ አባላት አሥራ አንዱ ብቻ ተገኙ። እነሱ ችግኝ እንዲሰጣቸው ፈረሙ፤ ወለላም ወረቀቱን ይዛ ሚዛን ወረደች።

«የዘንድሮው ለሸዋ ቤንች ገበሬዎች ተመድቧል» አላት የቢሮው ሰው። «ባለፈው ያደረቃችሁት እናንተ አይደላችሁም?»

«እኔ ተክያለሁ!»

«በማኅበሩ ስም ነው የተመዘገበው።»

አሥራ አንዱ ገበሬዎች ቅዳሜ ጫካ ገብተው፣ ችግኙን ራሳቸው ሊያፈሉ፣ የብርብራ ዘር መልቀም ጀመሩ።