የቢላል እሺ

አስመላሽ እንደሚለው ኮምፒውተሩ ጨዋ ቤት ያደገ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ አርክቴክት ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ የፎቅና የቪላ ፕላን ሲስል ኖረ። ጠዋት በሁለት ሰዓት ይከፈታል፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይጠፋል፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራል፣ እሑድ ያርፋል። ቢሮው የነበረበት ሕንፃ ሲፈርስ አርክቴክቱ ዕቃውን ሸጠ፣ አስመላሽ ገዛ። ታሪኩ ይኸው ነው።

ሃበን እንደምትለው ግን ኮምፒውተሩ ከጉልበት ሥራ ነው የመጣው። ሆዱ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም የጨዋታውን ምስል የሚሠራው ክፍል፣ ከመሰሎቹ ጋር መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ዲጂታል ገንዘብ ሲያመርት የከረመ ነው። በመስታወቱ ጎን በኩል አጎንብሳ አይታዋለች፤ ካርዱ ላይ በማርከር አርባ ሰባት ቁጥር ተጽፎበታል። አንድ ካርድ ብቻ ያለው አርክቴክት ካርዱን አርባ ሰባተኛ ብሎ አይቆጥርም። እንዲህ ያለው ካርድ ደግሞ እንደ ጋሪ ፈረስ ነው፤ ደህና ሲሄድ ውሎ መንገድ መሀል ይተኛል።

ኮምፒውተሩን ሊገዛ ያሰበው መሓሪ ሁለቱንም ሰማ፣ ሁለቱንም አመነ። ጭንቀቱም የመጣው ከዚህ ነው።

አስመላሽ ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ይሸጣል። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል፣ የመሓሪን ሟች አባት ያውቅ የነበረ፣ ሲዋሽ ተይዞ የማያውቅ ሰው ነው። ሃበን ደግሞ መሓሪ በሰነድ ክፍል በሚሠራበት የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የምትጠግን ባልደረባው ናት። ከሽያጩ የምታገኘው ነገር የለም፤ ከአስመላሽ ጋርም ቂም የላትም። እንዲያውም የእሷ ምክር ሌላ ነበር። ከዚያው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ማጠፊያው የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ አለ፤ አቅሙ ትንሽ ነው፣ አዲሱን ጨዋታ አይችልም፣ የድሮውን ኳስ ግን ያጫውታል። መብራት ሲጠፋም በባትሪ ይቆያል። «ለጀማሪ ይበቃል» አለችው። መሓሪ አልተቀበላትም። በድሮው ጨዋታ ከሩቅ ሰው ጋር በኢንተርኔት መጋጠም አይቻልም፤ እሱ ደግሞ ኮምፒውተር ያማረው ለዚያ ብቻ ነበር።

ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። የራሱ ኮምፒውተር ኖሮት አያውቅም። በሕይወቱ የተጫወተው ጨዋታ ሁሉ ኢብሮ ቤት የተጫወተው ነው። ኢብሮ ቤት ማለት ካዛንቺስ ሳይፈርስ ከእነ መሓሪ ግቢ ሦስተኛው በር ላይ የነበረች የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፕሌይስቴሽን፣ ሁለት ጆይስቲክና አንድ አግዳሚ ወንበር። ግድግዳው ላይ ኢብሮ በካርቶን «የተሸነፈ ይነሣል፤ ጭቅጭቅ ክልክል ነው» ብሎ ለጥፎ ነበር። ጭቅጭቁን የተወ አልነበረም፤ መነሣቱን ግን ሁሉም ያከብር ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ተሸናፊው ጆይስቲኩን ያስቀምጥና ይነሣል፤ የወንበሩ ሙቀት ሳይጠፋ ተረኛው ይቀመጥበታል። መሓሪና የጎረቤቱ ልጅ ቢላል እዚያች አግዳሚ ላይ ሲሰዳደቡ አደጉ። ቢላል ባሸነፈ ቁጥር ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው «ተነሥ አንተ፣ ሕዝብ እየጠበቀ ነው» ይለው ነበር፤ የሚጠብቅ ሰው በሌለበት ቀንም ጭምር።

ከዚያ ሰፈሩ ተነሣ። ለእነ ቢላል ገላን ቤት ደረሳቸው። የመሓሪ እናት የሰው ቤት ተከራይ ስለነበሩ መቀሌ እህታቸው ዘንድ ሄዱ፤ መሓሪ ሥራውን ይዞ ቄራ አንድ ክፍል ተከራየ። አሁን ከሥራ ሲወጣ በዚያ ያልፋል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል፣ ሣር ተተክሏል፣ አግዳሚ ተደርድሯል፤ ያምራል፤ ሰው ፎቶ ይነሣበታል። በራቸው የቱ ጋ እንደነበረ በእርምጃ ለመለካት ሁለት ጊዜ ሞክሮ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ።

የቢላል ቤተሰብ ዕቃ ሲጭን መሓሪ ፍራሽ አቀባይ ነበር። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ቢላል ከላይ፣ ከፍራሹ ላይ ተቀምጦ፣ መሓሪ ከታች ሆኖ ነገሩን ሁሉ አቀደው። እኔ ኮምፒውተር እገዛለሁ፣ አንተም ትገዛለህ፣ ማታ ማታ በኢንተርኔት እንጋጠማለን፣ ገላን ይሁን ቄራ ለውጥ የለውም አለው። ቢላል «እሺ» አለ። መኪናው ሄደ።

መሓሪ ያንን እሺ ይዞ ስድስት ወር ተማረ። ነገር ሲይዝ ቀስ ብሎ፣ ከሥሩ ነው የሚይዘው። በማስታወሻ ደብተር ፕሮሰሰር ምን እንደሆነ፣ ራም ስንት እንደሚበቃ፣ የኃይል ሳጥኑ ለምን ርካሽ መሆን እንደሌለበት ጻፈ። ያወቀውን ሁሉ ለቢላል ይደውልለታል። ቢላል እያዳመጠ «አሃ»፣ «እንዴት ነው ባክህ» ይላል። ቪዲዮ ላይ የሚያስተምሩት ልጆች አንዱ ይህን ግዛ ሲል ሌላው እሱን ከገዛህ ተበላህ ይላል፤ መሓሪ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ያያል።

የቤት አከራዩን እትዬ ከሪማንም አስፈቅዷል። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ግቢ ውስጥ ስቶቭ ክልክል ነው። እሳቸው ዕቃውን ሳያዩ በቃል ብቻ መረመሩት፤ ስንት መብራት ይበላል አሉ፣ ከስቶቭ ያንሳል አላቸው። ይጮኻል ወይ አሉ፣ እንደ ማራገቢያ ነው አላቸው። በመጨረሻ ከማን ጋር እንደሚጫወት ጠየቁት። ከጓደኛዬ ጋር፣ ገላን ነው ያለው አላቸው።

«ታዲያ ልጄ፣ እሱ ገላን ከሆነ ከአንተ ጋር ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠው ማን ነው?» አሉ እትዬ ከሪማ።

በኢንተርኔት መሆኑን አስረዳቸው። ገባኝ አሉ፤ ፊታቸው ግን እንዳልገባቸው ይናገር ነበር። ፈቀዱለት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሓሪ ሃበንን ይዞ አስመላሽ ሱቅ ሄደ። ከሁለቱ አንዱን ሊያሳፍር አልፈለገም፤ ስለዚህ ነገሩን ወደ ዕቃው መለሰውና ሣጥኑ ተከፍቶ እንዲታይ ለመነ። አስመላሽ ቅር አለው፤ ነገር ግን መነጽሩን አድርጎ ብሎኖቹን ራሱ ፈታ። የሣጥኑ ወለል ላይ የቢሮ አቧራ፣ አንድ የወረቀት ማያያዣና የእርሳስ ቅርፊት ተገኘ። የአርክቴክቱ ነገር እውነት ነበር። ካርዱ ሲወጣ ደግሞ ጀርባው ላይ አርባ ሰባት ቁጥር አለ፤ የሃበንም ነገር እውነት ነበር። አስመላሽ ዕቃውን ላመጣለት ደላላ ደወለ፣ በትግርኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ፣ ስልኩን ዘጋና አንገቱን ደፋ። ለካ ደላላው የመጀመሪያውን ካርድ ቀድሞ ሸጦ፣ በምትኩ ይህን አስገብቷል።

«እኔ የነገሩኝን ነው የነገርኩህ፣ ወደይ» አለው፤ ልጄ ማለቱ ነው። «እንግዲህ ካርዱን የሦስት ወር ዋስትና እሰጥበታለሁ። ከተበላሸ በራሴ እቀይራለሁ።»

ሃበን ካርዱን ጠራርጋ፣ ማራገቢያውን በጣቷ አዙራ፣ መልሳ ገጠመችው። ለአንድ ሰዓት ያለ ማቋረጥ ከሠራና ሙቀቱ ካልዘለለ ግዛው፣ እኔም ቃሌን አነሣለሁ አለች። አስመላሽ አዲሱን የኳስ ጨዋታ ከፈተና ለመሓሪ ጆይስቲክ ሰጠው።

መሓሪ ተቀመጠ። ሣሩ ዝናብ የዘነበበት ይመስላል፤ የተጫዋቾቹ ማሊያ ከላብ የተነሣ ሰውነታቸው ላይ ይጣበቃል። እንዲህ ያለ ነገር ኢብሮ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ተቃራኒው ኮምፒውተሩ ራሱ ነበር። ጎል ሲያገባበት አይስቅም፣ ሲስት አይሳደብም፣ ቅጣት ምት ሲሰጠው «ዳኛው የአክስትህ ልጅ ነው» አይልም። ኮምፒውተሩ መሓሪን ሦስት ለአንድ አሸነፈው። ፊሽካው ተነፋ።

መሓሪ ጆይስቲኩን ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ተነሣ።

ተነሥቶ ከወንበሩ አጠገብ ቆመ። ማንም አልተቀመጠም። ሃበን ሙቀቱን ከስክሪኑ ጥግ እያነበበች ነበር። አስመላሽ ገዢው ዕቃውን የጠላው መስሎት ምን ሆነሃል፣ ገና ሃያ ደቂቃው ነው እኮ አለው። መሓሪ ለምን እንደተነሣ የገባው ያን ጊዜ ነው። ሳቅ ሊል ፈልጎ አልመጣለትም። ማታ ክፍሉ ውስጥ በተሸነፈ ቁጥር እየተነሣ ባዶ ወንበር አጠገብ ሲቆም ታየው። ስልክ ልደውል ብሎ ወደ ደጅ ወጣ።

ቢላል የአጎቱ ሱቅ ውስጥ ነበር፤ ከጀርባው አንዲት ሴት ሽንኩርት አስመርጡኝ እያለች ትከራከራለች። መሓሪ የካርዱን ታሪክ ከነቁጥሩ ነገረው፤ ቢላል «እንዴት ነው ባክህ» አለ።

«እስካሁን ደህና ነው፣ ዛሬ ልወስደው ነው» አለ መሓሪ። «የአንተንስ? ጋሽ አስመላሽ ሌላ እንዲፈልጉልህ ልንገራቸው?»

ቢላል መጀመሪያ የሴትዮዋን ሽንኩርት መዘነ። ሴትዮዋ ሽንኩርቷን ይዛ ሳትሄድ አልቀረችም።

«መሓሪ፣ ማለቴ፣ እኔ አልገዛም እኮ።»

«እሺ ብለኸኝ ነበር።»

«መኪና ላይ ሆኜ? እንደዚያ ቆመህ እያየኸኝ ምን ልበልህ? እሺ አልኩ። በቃ።»

መሓሪ የመንገዱን አጥር ይዞ ቆመ። ሊቆጣ ይችል ነበር፤ ግን ለእናቱ ገና ባለፈው ሳምንት ለፋሲካ ትመጣለህ አይደል ሲሉት እሺ ብሏል፤ እንደማይሄድም እያወቀ ነው ያለው። እሱ ራሱ በዚህ አገር ተወልዶ፣ በእሺ አድጎ፣ ያቺን አንዷን ብቻ ለይቶ ስድስት ወር እንደ ውል ይዟት መቆየቱ ገረመው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ስደውልልህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ስለ ራም ስታወራ ደስ ይልህ ነበር» አለ ቢላል። ቀጥሎም፣ «ሌላ ወሬም አልነበረንም» አለ።

እውነት ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ቢላል ሱቁ እንዴት እንደሆነ፣ አዲሱ ቤት ፀሐይ ያገኝ እንደሆነ፣ ጎረቤት አፍርቶ እንደሆነ መሓሪ አንድ ቀን አልጠየቀም። አሁን መጠየቅ ፈለገ፤ ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ገላን ከቄራ ስንት ታክሲ እንደሚወስድ እንኳ አያውቅም።

«እሑድ ብመጣስ?» አለው።

«እሑድ?»

«ነገ።»

«እሺ» አለ ቢላል።

ደንበኛ መጣበትና ስልኩ ተዘጋ። መሓሪ ያቺን ቃል ደጋግሞ ሰማት። ይህኛው የትኛው እሺ ነው? በሩን የሚከፍተው ነው ወይስ ፊት አይቶ የሚባለው? ድምፁ ውስጥ ፈለገ፤ አላገኘም። ከፊቱ የተተከለው አዲስ አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ስልካቸውን ያያሉ።

ሱቅ ሲመለስ ሰዓቱ ሞልቶ ነበር። ሙቀቱ አልዘለለም። ሃበን በቃሏ መሠረት ተሸነፍኩ፣ ዕቃው ደህና ነው አለች። አስመላሽ ደስ ብሎት ካርቶን አውርዷል፣ ስፖንጅ ቆርጧል፣ ገመዱን ጠቅልሎ በላስቲክ አስሯል። መሓሪ ዴስክቶፑን ሊያነሣው ሞከረ። ከነስክሪኑ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዴ ቄራ ከገባ ደግሞ ከዚያች ክፍል የሚያወጣው የለም። ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ።

«ጋሽ አስመላሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አደከምኩዎት» አለ። «ይህንን አልወስድም። ያንን ማጠፊያው የተሰነጠቀውን ላፕቶፕ ነው የምወስደው። ጆይስቲኩን ግን ሁለት ያድርጉልኝ።»